ሚስ ዩላና ዝም ያለው ተርኪ

ሚስ ዩላ ፕሩዊትን ደንቆሮ ብለው ከቦታቸው ያስነሷቸው ሰዎች ውስጥ እኔም አለሁበት። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ከዚህ በኋላ ብናደድ በማን ላይ እንደተናደድኩ ይታወቅ።

እኛ አላባማ ውስጥ በወንዙ ዳር የምንኖር ሰዎች የዱር ተርኪ የሚባለውን፣ የዶሮ ዘመድ የሆነ ትልቅ ወፍ የምናድነው በጸደይ ነው። መጋቢት ላይ ወንዱ ገና ካደረበት ዛፍ ሳይወርድ እየጮኸ አገር ያናጋል። ያን ጊዜ ማንም ያድናል፤ የራንደል ፒኬት ልጅ ባል እንኳ ያድናል። ሚያዝያ ሲጋመስ ግን ሴቶቹ እንቁላል ላይ ይቀመጣሉ፤ ወንዱም ሲተኮስበት ስለሰነበተ አፉን ይዘጋል። ይመጣል፣ ግን ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚመጣው። አዳኝ የሚለየው ያን ጊዜ ነው።

ሚስ ዩላ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሰባ አራት ዓመት የሞላቸው ሴት ናቸው። ከአርባ ዓመት በላይ የሚቀመጡት ጅረቱ በሚታጠፍበት፣ ከአንድ ሰፊ ኦክ ዛፍ ሥር ነው። ከዝግባ የተሠራች ትንሽ ሳጥን አለቻቸው፤ ክዳኗን ሲያፋጯት እንደ ሴት ተርኪ ትጮኻለች። ሦስት ጊዜ ይጠሩና ሳጥኗን ጭናቸው ሥር ይከቷታል። ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝንብ አፍንጫቸው ላይ ብትቀመጥ እንኳ አይነቃነቁም።

ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ ጆሯቸው ደክሟል። ቀጭን ድምፅ አይሰማቸውም፤ ስልክ ቢጮህ ባይጮህ ለእሳቸው ያው ነው። ወፍራም ድምፅ ግን አያመልጣቸውም። ዝም ያለ ተርኪ ደግሞ ሲቀርብ ላባውን ነፍቶ እንደ ሩቅ ከበሮ ያለ ነገር ያሰማል፤ ከጆሮ ይልቅ ደረት ላይ ነው የሚታወቀው። እኔ ጤነኛ ጆሮ ይዤ ስንቴ አምልጦኛል!

የማደኛ ቦታ የሚደለድለው የአዳኞች ማኅበራችን ሊቀ መንበር ራንደል ያንን ቦታ ለልጁ ባል ተመኝቶለት ነበር። በግልጽ እንዳይጠይቅ አፈረና ጆሯቸውን ሰበብ አደረገ።

"ሚስ ዩላ፣ እዚያ ተርኪ አልቋል። ቢኖርም እርስዎ አይሰሙትም" አላቸው በማኅበሩ ስብሰባ ላይ፣ በሰው ፊት።

"አንተ እየሰማህ ስንቱን ገደልክ?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ራንደል ፊቱ ቀላ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት አብሯቸው ሊቀመጥ ተስማማ፤ ወፍ ከመጣ ቦታው የእሳቸው ይሆናል፣ ካልመጣ አባላቱ ድምፅ ይሰጡበታል። እኔ ምስክር ሆኜ ሄድኩ።

ሚስ ዩላ ሦስቴ ጠርተው ሳጥኗን ደበቁ። ራንደል ግን አፉ ውስጥ የሚያስገባት መጥሪያ አለችው፤ በየአምስት ደቂቃው ይጮህባታል።

"ኧረ ተው!" አሉት በሹክሹክታ። "እንዲህ ለምትለፈልፍ ሴት የሚመጣ ወንድ የለም።"

አንድ ሰዓት ሊሞላን ሲል ሚስ ዩላ አንድ ጣታቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሱ። ዓይኔን ብቻ አዞርኩ። ከራንደል ጀርባ፣ ከወደቀው ግንድ ባሻገር፣ ቀይና ሰማያዊ ጭንቅላት ብቅ አለ፤ ከደረቱ ላይ የትልቅ ወንድ ምልክት የሆነው ረጅም ጢም ተንጠልጥሏል። ሰውየው መሐል ስለነበረ ሚስ ዩላ መተኮስ አልቻሉም። ወፉ ትንሽ ወደ ግራ እስኪል ትንፋሻቸውን ውጠው ጠበቁ።

"እኔ ምንም አልሰማሁም። ይሄ ቀልድ ይብቃ!" ብሎ ራንደል ብድግ አለ።

ተርኪው ክንፉን እያራገበ ከጅረቱ ማዶ ተሻገረ። ራንደል ጅራቱን አየ፤ ማየቱን እኔ አይቻለሁ።

"ጥንብ አንሳ ነው" አለ፣ ሱሪውን እያራገፈ።

ጥንብ አንሳ! ስድሳ ዓመት እዚህ ወንዝ ዳር የኖረ ሰው!

ድምፅ ልንሰጥ በተሰበሰብንበት ማታ አሥራ ሦስት ነበርን። ሚስ ዩላ ከኋላ ተቀምጠው የሰዉን ከንፈር ያያሉ። ራንደል ወደ እኔ ዞረ።

"ሌማር፣ አንተ ነበርክ። ምን አየህ?"

ሰውየው በየበጋው ድርቆሼን በራሱ ማሽን የሚያጭድልኝ ሰው ነው። እውነቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

"ጭጋግ ነበር። በደንብ አላየሁም" አልኩ።

የምን ጭጋግ! ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ነበር። ሚስ ዩላ አጠገባቸው ወደተቀመጠችው ሴት ጠጋ ብለው "ምን አለ?" ሲሉ ሰማኋቸው። ነገረቻቸው። ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ፤ እጅ ሲቆጠር አልነበሩም። በማግስቱ ጠዋት የራንደል ልጅ ባል ብርጭቆ ማስቀመጫ ያለው ታጣፊ ወንበር ተሸክሞ ኦኩ ሥር ተጎለተ።

እኔም ያን ቀን ሚስ ዩላ ቤት ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ጠመንጃቸውን ዘይት ይቀቡ ነበር። ተቀመጥ አላሉኝም።

"ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት፣ ሚስ ዩላ።"

"ምን?"

"ይቅርታ!"

"ይቅርታውን ተወው። ምን ነበር ያየኸው?"

"ተርኪ።"

"ጮክ በል፣ አልሰማም።"

"ተርኪ ነበር!"

"አሁንም።"

ደሜ ፈላ። በማን ላይ እንደሆነ እንጃ። "ተርኪ ነበር! ትልቅ ወንድ ተርኪ! በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት!" ብዬ ስጮህ የጎረቤት ውሻ ጮኸብኝ።

ሚስ ዩላ ጨርቁን አስቀምጠው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ።

"ትናንት እንዲህ ብትጮህ ኖሮ እኔ እንኳ እሰማህ ነበር" አሉኝ።