ክርስትና ሳትነሳ የሞተችው ልጅ

የእህቴ ልጅ የሞተችው ክርስትና ሳትነሳ ነው። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች፤ እሷ ግን ቀኑ ሳይደርስ በክረምቱ ብርድ ሳንባዋ ታመመ። ሕፃን ለሞት ካሰጋ ቄስ ቀኑን ሳይጠብቅ እንደሚያጠምቅ በላይ ጋይንት የማያውቅ የለም። የማይታወቀው «ለሞት አስግታለች» የሚለውን ቃል ማን ደፍሮ እንደሚያወጣው ነው። እህቴ ቄሱ ይጠሩ ብላ ነበር። አማቷ፣ ቄስ መጥራት ሞትን መጥራት ነው፣ አታሟርቺ አሏት። እህቴም ሰማቻቸው፤ ቄሱ ሳይጠሩ ቀሩ። ልጅቱ በማግሥቱ አረፈች፤ ፍትሐት ሳይደረግላት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተቀበረች።

ያኔ የጋዜጣ ዘጋቢ ሆኜ ከአገሬ ርቄ እሠራ ነበር፤ መርዶው ዘግይቶ ደረሰኝ። እህቴ ቤት ስደርስ ከቆሎ በቀር የምትቀምሰው አልነበረም፤ እሱንም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ክንዷ ከመክሳቱ የተነሳ የእጇ አምባር ወደ ክርኗ ይንሸራተታል። እንዲህ ከቀጠለች እንደማትከርም ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር።

ንፋስ መውጫ ከተማ የአእምሮ ሕሙማንን የሚያማክር ወጣት ነርስ አለ ሲሉኝ ወሰድኳት። ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ምግቧ፣ ራሷን ለመጉዳት አስባ እንደሆነ ጠየቃት። ሁሉንም ባጭሩ መለሰችና «ልጄ ሳትጠመቅ ነው የሞተችው» አለችው። ነርሱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ፣ የሳንባ ምች ብዙ ሕፃናትን እንደሚወስድ በትሕትና አስረዳት። የጥምቀቱን ነገር ግን ለንስሐ አባቷ እንድትነግር መከራት።

ወደ ባጃጆቹ ስንሄድ የንስሐ አባቷ ምን እንዳሏት ነገረችኝ። ሐዘንሽ ልክ አልፏል፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ ብለዋት ኖሯል።

«ወንድም ዓለም፣ እንደ መሬት ክርክር ከቢሮ ቢሮ አመላለሱኝ እኮ» አለች። ሳቅ የሚመስል ነገር ፊቷ ላይ ታይቶ ጠፋ።

እሷን ሻይ ቤት አስቀምጬ ብቻዬን ተመለስኩ። ነርሱን የጥምቀቱ ነገር ሲነሳ ለምን እንዳቆመ ጠየቅሁት። የራሱን እምነት ወደ ምክር ክፍሉ እንዳያስገባ በሥልጠናው ላይ አጥብቀው ነግረውታል። በልጅነቱ ዲያቆን ነበር፤ አንዴ አፉን ከከፈተ ካህን እንዳይሆንባት ይፈራል። ያንተን እምነት መቼ ጠየቀችህ፣ ይዛ የመጣችው የራሷን ነው አልኩት።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ስለ እንቅልፍም ስለ ምግብም አላነሳም።

«ልጅሽ አሁን የት ያለች ይመስልሻል?» አላት።

እህቴ ወለሉን እያየች መለሰች። «ውጭ ናት። የሌሎቹ ልጆች ቅጥር ውስጥ ናቸው፤ እሷ ብቻዋን ውጭ ናት። ታዲያ እኔ ቤት ተቀምጬ እንዴት እበላለሁ?»

ነርሱ ካርዷ ላይ «የምግብ ፍላጎት የለም» ብሎ ጽፎ ነበር። እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ለካ ረኃቡ እያለ ነው አፏን የዘጋችው። ነርሱ፣ የንስሐ አባትሽ እዚህ ቢመጡ ትወጃለሽ ወይ አላት። ራሷን ነቅንቃ እሺ አለች።

የንስሐ አባቷ በጋይንቱ ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ ሽማግሌ ናቸው፤ በበቅሎ መጡ። ማጽናኛ ብለው ያልሆነውን ይነግሯታል ብዬ ሰግቼ ነበር።

«ልጄ፣ ያላየሁትን አልምልልሽም» አሏት። «ምሕረቱ እኛ ካጠርነው አጥር እንደሚሰፋ ግን አምናለሁ። ይህን ጾም እኔ አላዘዝኩሽም። በማን ቀኖና ነው የምትጾሚው?»

«በራሴ፣ አባ።»

«ለራሱ ቀኖና የሚሰጥ የለም። ፍቺው።»

ነርሱ ዳቦና ሻይ አስመጣ። እህቴ ዳቦውን ቆረሰች፤ አንዷን ጉርሻ እያላመጠች ብዙ ቆየች። ስትውጣት ቄሱ አንገታቸውን ደፉ።

«ያን ቀን አማቴን ባልሰማቸው ኖሮስ?» አለች።

ቄሱ ነርሱን አዩ፤ ነርሱም እሳቸውን። ነርሱ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

«እስቲ ያን ቀን ከጧቱ ጀምረሽ ንገሪን።»

የቀረውን ዳቦ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ጀመረች።