የእናቷ አረማመድ

የጋለ ካውያ እርጥብ ሱፍ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ሽታ ዛሬም መንገድ ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆመኛል። ያ ሽታ ለእኔ የጓደኛዬ አባት ልብስ ስፌት ቤት ነው። አየር ጤና፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቷ ዘልቃ ስትገባ የጨርቁ ብናኝ ብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ይዋኝ ነበር። የወያላዎቹ «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» ከሩቅ እንደ እንጉርጉሮ ይሰማ ነበር።

እኔና ጓደኛዬ ያኔ ኮሌጅ ገና ጨርሰን፣ «አኒሜሽን ነው የምንሠራው» ብለን ቤተሰብ ያስቸገርን ልጃገረዶች ነበርን። አሮጌ ኮምፒውተራችንን የተቀበለን የአባቷ የመቁረጫ ጠረጴዛ ብቻ ነበር። እዚያ ተቀምጠን ሻርፕ የለበሰች ልጅ ሣልን። ጭንቅላቷን፣ እጆቿን፣ ቀሚሷንና ሻርፗን ለየብቻ ሥለን አንዱን ባንዱ ላይ ደረብናቸው። ሶፍትዌሩ ደግሞ የመሬት ስበትና ነፋስ ከሰጠሽው፣ መውደቁንም መወዛወዙንም ራሱ አስልቶ ያሳይሻል። ስበቱን የከፈትንለት ቀን ግን ጭንቅላቷ ተንከባለለ፣ እጆቿ ረገፉ፣ ቀሚሷ ተከተለ።

«ገደልናት!» ብላ ጮኸች ጓደኛዬ።

አባቷ ከስፌት መኪናቸው ቀና አሉ። «የቱ ጋ ነው የያዛችኋት?»

«አልያዝናትም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ታዲያ ያልተያዘ ጨርቅ ምን ያድርግ? ይወድቃላ!» ብለው ሳቁ። ቁራጭ ጨርቅ አንስተው ትከሻዬ ላይ በስፒል ያዙትና ለቀቁት። ጨርቁ ከስፒሉ ጀምሮ እጥፍ እጥፍ እያለ ወረደ።

እኛም አንገቷን ከትከሻዋ፣ ቀሚሷን ከወገቧ አያያዝን። ሻርፗን ግን አንድ ቦታ ብቻ ያዝነው። ልጅቷ ቆመች፤ ሄደች፤ ሻርፑ ከኋላዋ ተወዛወዘ። አባቷ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጥተው ብዙ አዩዋት። ከዚያ፣ በጣም ቀስ ብለው፣ «ሚስቴንስ እንዲህ ማስኬድ ትችላላችሁ?» አሉ።

የጓደኛዬ እናት የሞቱት እሷ ጡት ሳትጥል ነው። ቤት ውስጥ የነበረው አንድ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው፤ አባቷም ስለ እሳቸው አያነሱም ነበር።

ሥራውን ጀመርን። በየቀኑ ከሰዓት አባቷ ከኋላችን ቆመው ያያሉ። «ሻርፗ ከግራ ትከሻዋ ይንሸራተት ነበር።» እናስተካክላለን። «አይ፣ እንዲህ አትፈጥንም።» ደግሞ እናስተካክላለን። «አሁንማ ከበዳት።» ስበቱን እንቀንሳለን። በመጨረሻ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «አይደለችም» አሉ። የቀረቻቸውን ትንሽ ትዝታ ያበላሸንባቸው መሰለኝና እጄን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳሁ።

«በቃ እንተወው፣ አባዬ» አለች ጓደኛዬ።

ዛሬ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል፤ እሳቸውም የሉም። የዚያን ሰዓት ድምፅ ግን አሁንም እሰማዋለሁ። ዝናብ ሊመጣ ሲል የቆርቆሮው ጣሪያ ጠቅ፣ ጠቅ ይል ነበር።

«እስቲ ተነሺ» አሏት አባቷ።

«ምን ልሁን?»

«ዝም ብለሽ እስከ በሩ ሂጂ።»

ግራ እየገባት ተነሳች። መሬት ላይ የተበተነውን ቁርጥራጭ ጨርቅ እየረገጠች ሄደች።

«ይኸው!» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። «እንዲህ ነበረች። እንደሷ አድርጊያት።»

ጓደኛዬ በሩ ጋ ጀርባዋን እንደሰጠችን ቆመች። «የእኔ ነው እንዴ የእማዬ አረማመድ?»

«አዎ፣ የራሷ የእናትሽ ነው።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርከኝም?»

አባቷ ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ጣታቸው ላይ ጠቀለሉት። «ካወቅሽው አካሄድሽ ይቀየራል ብዬ ፈራሁ» አሉ።

ጓደኛዬ ዞረች። እግሮቿን እያየች፣ አንዱን ካንዱ ፊት በጥንቃቄ እያስቀመጠች መመለስ ጀመረች። አባቷ ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ ጣሉና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጠበቋት።