የተደባለቀው ክምር

ሰውዬው ጉድጓድ ቆፋሪ ነው፤ የውሃ ሳይሆን የአፈር ጥናት ጉድጓድ። በቁመቱ ልክ ይቆፍርና አንዱን ግድግዳ በቢላ ልጦ እንደተቆረጠ ዳቦ ያሳምረዋል። ከዚያ የአፈር ባለሙያዋ ወርዳ ንብርብሩን ታነባለች፦ ከላይ ጥቁሩ፣ ከሥሩ ቀዩ፣ ከዚያ ፍርክስክሱ ድንጋይ። የእሱ ሙያ ሦስቱን ለየብቻ መከመር፣ ሲደፍን ደግሞ እንደየቦታቸው መመለስ ነው። «አበጣሪው» ይሉታል ባልደረቦቹ።

ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ግን እጁ ይሠራል እንጂ እሱ የለም። ይበላል፣ ምን እንደበላ አያውቅም። «አይዞህ፣ ጊዜ ያስረሳል» ሲሉት ራሱን ይነቀንቃል። ጊዜን ያውቀዋላ! ድንጋይ በፀሐይና በዝናብ ተፈረካክሶ፣ ሥርና ትል አብላልቶት፣ ጎርፍም ጠርጎ ካልወሰደው፣ የጣት ውፍረት የማይሞላ አፈር ለመሆን የሰው ዕድሜ አይበቃውም። ባለሙያዋ ናት የነገረችው።

አንድ ቀን በአንዲት አሮጊት ጓሮ፣ የሽንኩርት መደብ ላይ ቆፈረ። ባለሙያዋ አንብባ ስትወጣ ክው አለች። አንድ ክምር! ጥቁሩም ቀዩም ድንጋዩም ተደበላልቆ።

«ጋሼ፣ ምን ነካህ? አንተ ነህ ይሄን የሠራኸው?»

«እኔ ነኛ። ሌላ ማን አለ?»

«እረፍ ብዬህ ነበር። በቃ፣ ከነገ ጀምሮ ፈቃድ ወጥተህ ቤትህ ትቀመጣለህ።»

ቤት ሲባል የተሰማው ሐዘን እንኳ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። እዚያ ያለው ያልተነጠፈ አልጋና ዝምታ ነው።

«ልጄ፣ ደሞዜን ቅጪ፣ የፈለግሽውን አድርጊ። ቤት ብቻ አትላኪኝ።»

አሮጊቷ ከበራቸው ብቅ አሉ። «የኔስ መደብ? ድንጋይ ላይ ሽንኩርት ልትተክልልኝ ነው?»

«ይቅርታ፣ እማማ።»

«ይቅርታህን አልዘራው!»

ባለሙያዋ ጠጋ ብላ ሚስቱ እንደሞተችበት አንሾካሾከችላቸው። አሮጊቷ ንቅንቅ አላሉም።

«እኔም ባሌን ቀብሬያለሁ፤ ጓሮዬ ምን አጠፋ? እንዲያውም ፈቃዱን እዚሁ ያሳልፍ። አፈሩን ይለይልኝ።»

«ጥቁሩ ከቀዩ ጋር አንዴ ከተደባለቀ አይለይም» አለ ሰውዬው።

«እንግዲያ ድንጋዩን ልቀም፣ ፍግ ተሸክመህ አምጣ። ሽንኩርቴ እስኪደርስ ትመላለሳታለህ።»

«ሊቆይ ይችላል።»

«ምን አስቸኮለህ?»

ባለሙያዋ ትከሻዋን ሰበቀችና ዕቃዋን መሰብሰብ ያዘች። እሱ ተንበርክኮ ድንጋይ መልቀም ጀመረ። ሐዘኑ አልቀለለለትም፣ እንባም አልመጣለትም። ጥቂት ለቅሞ ቀና አለ።

«ነገ ስንት ሰዓት ልምጣ?»

«ቁርስህን በልተህ ና» አሉት። «ቀላቢህ አይደለሁም።»