ከጨው ቀጥሎ ያለው ብልቃጥ

ጋሽ ካውያ ያን ዕለት ከላውንደሪው የወጡት ገና ፀሐይ ሳትበርድ ነበር። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያስታውስ የሥራ ባልደረባ የለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ሸሚዝና ኮት ሲተኩሱ ኖረው ስማቸው ካውያ ሆኖ ቀረ። እሳቸውም ስለለመዱት በእውነተኛ ስማቸው የሚጠራቸው ሲገጥማቸው ሌላ ሰው የተጠራ እየመሰላቸው ወደ ኋላቸው ዞር ይላሉ።

የመጨረሻውን ኮት ሰቅለው ሽርጣቸውን ሲፈቱ፣ ወሬ ስለማያቆም ሬዲዮ የሚሉት አጣቢ ከማሽኑ ጀርባ ብቅ አለ።

“ጋሼ፣ ዛሬ በጊዜ ወዴት ነው? ሊያገቡ ነው እንዴ?”

“ልጄ ለእራት ትመጣለች። ዓሣ ልሠራላት ነው።”

“እርስዎ? በእጅዎ?” ሬዲዮ ደረቱን ያዘ። “ምነው ጋሼ፣ ልጅቷ ምን በደለችዎት?”

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሳቸውም አብረው ሳቁ።

ሚስታቸው ካረፈች ዓመት አልሞላም። አንድ ልጃቸው አገር አቋራጭ አውቶቡስ የምትነዳ፣ አግብታና ወልዳ ሌላ ከተማ የምትኖር ሴት ናት። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ አባቷን ወደ ቤቷ ለመውሰድ ያላደረገችው ነገር የለም። ለመነች፣ ተቆጣች፣ አለቀሰች። እሳቸው ግን ከዚህ ቤት እግሬን አላነሣም አሉ። ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ቤት ናት፤ የኮርኒሱ ቀለም ረግፏል። ቢሆንም ሚስታቸው መጋረጃ የሰቀለችበት ምስማር፣ ስታልፍ ስታገድም በእጇ እየተደገፈች ያጠቆረችው የበር መቃን ያለው እዚያ ነው።

ባለፈው የመጣች ጊዜ ልጅቷ ፍሪጁን ከፍታ አየችና ፊቷን አጨማደደች። የደረቀ ዳቦና አንድ ጠርሙስ ወተት ብቻ ነበር። ወተቱን አሸተተችና ሳታመነታ ደፋችው።

“አባዬ፣ ይሄን ነው የምትጠጣው? እንደዚህ ሆነህማ ትቼህ አልሄድም።”

“ምን ሆንኩ? በልቼ አድራለሁ።”

“ዳቦ እየገመጥክ! እሺ፣ እንወራረድ። በሚቀጥለው ስመጣ በገዛ እጅህ እራት ሠርተህ አብላኝ። ከቻልክ ሁለተኛ አፌን አላነሣም። ካልቻልክ ግን ሻንጣህን ይዘህ ከኔ ጋር ትመጣለህ።”

“ምን ልሥራልሽ?”

ልጅቷ የፍሪጁን በር ዘጋች። “የእማዬን ዓሣ” አለች።

ውርርዱ እንዲህ ጸና። ያን ቀን ከመሄዷ በፊት ወጥ ቤቱን ከላይ እስከ ታች አጸዳችው። መደርደሪያውን ወለወለች፤ የቅመም ብልቃጦቹንም ውጪያቸውን አጥባ መልሳ ደረደረቻቸው። የአባቷን ነገር አንጀቷ አልችል ስላለ ያደረገችው ነው። ጋሽ ካውያም መርቀው ሸኟት።

የሚስታቸው ዓሣ ብዙ ጣጣ ያለው ምግብ አልነበረም። እሳቸው ከሥራ ገብተው ጫማቸውን አውልቀው እጃቸውን እስኪታጠቡ ከኦቨን ይወጣል። ሳልመን ነው፤ ቆዳው ሳይነሣ። ዘይት ታሸዋለች፣ ጨው ትነሰንሳለች፣ ነጭ ሽንኩርት ትወቅጥበታለች፣ ከሙን በቁንጥር፣ ከላይ በስሱ የተቆረጠ ሎሚ፣ ከዚያ በጋለ ኦቨን። እሳቸው ወንበር ስበው እጇን ሲያዩ ኖረዋልና ነገሩን በዓይናቸው ያውቁታል። በአፍንጫቸው ግን አያውቁትም።

ይህን የሚያውቅ ሰው ሚስታቸው ብቻ ነበረች። ከብዙ ዓመት በፊት ክፉ ጉንፋን አልጋ ላይ ጥሏቸው ነበር። ሲነሡ ሌላው ጤና ሁሉ ተመለሰ፣ ማሽተት ግን አልተመለሰም። ያን ጊዜ ልጅቷ ገና ትንሽ ነበረች። ላውንደሪ ውስጥ ደግሞ አፍንጫ የሌለው ሠራተኛ ማን ያኖረዋል? ተተኩሶ የተሰቀለ ልብስ ሽታ ከቀረበት ደንበኛው ሱቁን ይገለብጠዋል። “ለማንም ትንፍሽ አትበል” አለች ሚስታቸው፤ “እኔ አሸትልሃለሁ።” ከዚያ ወዲያ ወተቱን እሷ ታሸታለች፣ ሸሚዙን እሷ ታሸታለች፣ ጋዙን እሷ ትከፍታለች፣ እሷ ትዘጋለች። እሳቸውም አፍንጫዬ እያሉ ይጠሯት ጀመር። ልጃቸው ይሄን ስትሰማ አባቷ በእናቷ ረዘም ያለ አፍንጫ የሚቀልድ እየመሰላት አደገች።

እራት ላይ ደግሞ የራሳቸው ወግ ነበራቸው። እሳቸው ከምግቡ የሚያገኙት ጨውና ኮምጣጣ፣ ትኩስና ቀዝቃዛ ብቻ ነው። ስለዚህ ሚስታቸው እየበላች ትነግራቸዋለች፤ እንዲገባቸውም ከሥራቸው እያመሳሰለች። “ሎሚው ዛሬ አዲስ የታጠበ ነጭ ሸሚዝ ነው” ትላለች። “ከሙኑ ደግሞ ዝናብ የመታው የሱፍ ኮት፤ እላዩ ላይ ካውያ ስታሳርፍበት እንፋሎቱ የሚሸተውን ነው የሚሸተው።” እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው ያኝካሉ። እሷ ከሄደች ወዲህ ምግብ ሁሉ ዲዳ ሆነባቸው። ዳቦና ወተት የሚበሉት ሌላ መሥራት አቅቷቸው ሳይሆን፣ ዲዳ ከሆነ አይቀር የሚቀለውን ብለው ነው።

ዓሣ ቤቱ ሲደርሱ ሻጯ ቀዩን የሳልመን ቁራጭ በወረቀት ላይ ዘርግታ አነሣችላቸው።

“ትኩስ ነው?” አሉ።

“ምን ይጠይቁኛል ጋሼ፣ ያሽቱት እንጂ!” ብላ እስከ አፍንጫቸው አስጠጋችላቸው።

ጋሽ ካውያ በረጅሙ ሳቡ። ምንም የለም። ቀዝቃዛ አየር ብቻ። “እውነትሽን ነው” ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ “ጠቅልይልኝ።”

ቤት ገብተው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ዓሣውን አጥበው በጨርቅ አደረቁት። የኦቨኑ መጋገሪያ ፓትራ ላይ ፎይል አነጠፉ፤ ፎይሉ ሲጨማደድባቸው የሸሚዝ ኮሌታ እንደሚያቃኑ በመዳፋቸው አቃኑት። ዘይቱን አሹት። ነጭ ሽንኩርቱን ወቀጡ። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ቀና አሉ።

ብልቃጦቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንዱም ላይ ጽሑፍ የለበትም። ሚስታቸው ጽሑፍ አያስፈልጋትም ነበር፤ ክዳኑን ከፈት አድርጋ ታውቀዋለች። ለእሳቸው ደግሞ ዘዴ አውጥታላቸው ነበር። “ጨውን በምላስህ ታውቀዋለህ። ከጨው ቀጥሎ ያለው ሁልጊዜ ከሙን ነው፤ አላንቀሳቅሰውም” ብላቸዋለች። ጋሽ ካውያ ነጩን ቀምሰው ጨው መሆኑን አረጋገጡ። ቀጥሎ ያለውን አወረዱ። ቡናማ፣ የላመ ዱቄት ነው። ልክ ነው አሉ። ልጃቸው አጥባ ስትደረድር ቦታ እንዳቀያየረች በምን ይወቁ? ቆንጠር አድርገው ነሰነሱ፤ ልጅቷ እንዲጣፍጣት ብለው ደግመው ነሰነሱ። ሎሚውን ደረደሩና የኦቨኑን የጋዝ ቁልፍ አዞሩ።

ክብሪቱ አጠገባቸው አልነበረም። ሊፈልጉ ወደ ሳሎን ሲወጡ የጠረጴዛው ልብስ ተጨማድዶ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። የካውያ ሰው ጨምዳዳ አይቶ አያልፍም። እንግዳ ሊበላበት ነው፣ ያውም ልጄ፣ አሉና ካውያውን ሰክተው መተኮስ ያዙ። ጥግ ከጥግ፣ ጠርዝ ከጠርዝ፣ ሚስታቸው ትወደው እንደነበረው መሐሉ ላይ አንድ ቀጥ ያለ ምልክት እስኪያወጣ ድረስ። ከዚያ ክብሪቱን መስኮቱ ደፍ ላይ አገኙት። ይዘው ወደ ወጥ ቤት አመሩ። አንዷን እንጨት አውጥተው ነበር።

የውጪው በር ተከፈተ።

“አባዬ! ጋዝ! ተው፣ እንዳትጭር!”

ልጅቷ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጥላ እየበረረች አለፈቻቸው። ቁልፉን ጠምዝዛ ዘጋች፤ መስኮቱን በረገደች፤ በሩን እስከ ጥጉ ከፈተች። ካውያውን ልትነቅል ደረሰችና እጇን መለሰች፤ ተነቅሏል። ከዚያ ዞራ አየቻቸው። ክብሪቷ አሁንም በጣታቸው መሐል ነበረች።

“ቤቱ ሁሉ ጋዝ ጋዝ ይላል እኮ! አልሸተተህም?”

“ጉንፋን ቢጤ ይዞኛል” አሉ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ተሰማቸው። ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

“አንተ ሰውዬ ሳትጨርሰኝ አትሞትም!” አለች፤ የሳቅም የለቅሶም በሆነ ድምፅ። “እኔን አውቶቡስ ሙሉ ሰው የሚሰማኝ፣ አንተ ብቻ አልሰማ አልክ!”

ቤቱ እስኪናፈስ ደጅ ቆሙ። ከገቡ በኋላ ኦቨኑን ራሷ ለኮሰችው። ጋሽ ካውያ ፓትራውን በእጃቸው አስገቡ፤ ይቺን ለማንም አልሰጡም። ብዙም አልቆየ። ዓሣው ቆዳው ተኮማትሮ፣ ሎሚው ጠርዝ ጠርዙን ጠቁሮ ወጣ። ሲያዩት ልክ የእሷው ነው። ደስ አላቸው። ውርርዱ ገና ሙሉ በሙሉ አልተበላሸም።

ልጅቷ ፓትራው ላይ ስታጎነብስ ቅንድቧ ተሰበሰበ። ወንበር ስባ ተቀመጠች። አባቷ ትልቁን ቁራጭ አወጡላት። አንድ ጎረሰች። ማኘኳን አቆመች፣ ከዚያ ቀጠለች።

ጋሽ ካውያም ጎረሱ። ለስላሳ ነው፣ ትኩስ ነው፣ ሎሚው ኮምጠጥ ይላል፣ ጨው ልክ ነው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከእንግዲህ የሚነግራቸው የለም፤ ስለዚህ ራሳቸው ተናገሩት።

“አየሽ፣ ከሙኑ ቀድሞ ነው የሚመጣው። ከዚያ ሎሚው። ልክ እንደ እናትሽ አይደል?”

ዓይናቸውን ሲገልጡ ልጃቸው ሹካዋን አስቀምጣ እያየቻቸው ነው። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። መንገድ ላይ የሆነ ነገር ድንገት አይታ ፍሬን እንደረገጠች ሰው ነው የሆነችው።

“አዎ፣ ልክ እንደ እሷ” አለችና ሌላ ጎረሰች። ሦስተኛውን ለመጉረስ ስትሞክር ግን እንባዋ ሳህኑ ላይ ጠብ አለ።

“ምነው? አላማረሽም?”

“አባዬ... ቀረፋ እኮ ነው ያደረግክበት።”

ጋሽ ካውያ ሳህናቸውን አዩ። አንድ ጊዜ ደግሞ ቀመሱ፣ በጣም በዝግታ። ኮምጣጣ። ጨው። ሌላው ዝምታ ነው።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?” አለች።

“አንቺ ትንሽ ሆነሽ ነው።”

“ወተቱም?”

“ወተቱም።”

“ዛሬም ጉንፋን አልነበረም።”

“አልነበረም።”

“እማዬን አፍንጫዬ የምትላት...” ብላ ልትጨርሰው አልቻለችም። እጇን ዘርግታ እጃቸውን ያዘች። እንደፈሩት ‘ይኸው ተሸነፍክ፣ ተነሥ’ አላለችም። ውርርዱንም አላነሣችም። ይልቅስ የቀረውን ዓሣ፣ ከነቀረፋው፣ አንድ ሳታስተርፍ በላችው። ጋሽ ካውያን ከጋዙ ይበልጥ ያደከማቸው ይሄ ነበር።

ሳህኑን አጥባ ስትጨርስ መደርደሪያው ፊት ቆመች። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እየከፈተች አሸተተች።

“እኔ ነኝ ያበላሸሁት” አለች። “እንደነበረው ልመልሰው። ከጨው ቀጥሎ ማን ነበር?”

“ከሙን።”

ፈለገችው። አገኘችው። ክዳኑን ከፍታ ረጅም ጊዜ አፍንጫዋ ሥር ያዘችው። “እማዬ ስለዚህኛው ምን ትልህ ነበር?”

“ዝናብ የመታው የሱፍ ኮት።”

ደግማ አሸተተች። “እውነቷን ነው” አለች፤ “በደንብ አድርጎ እሱን እሱን ይላል።” ከዚያ ብልቃጡን ከጨው ቀጥሎ አስቀመጠች። ቀጥታ እንዲሆን በጣቷ ገፋ አደረገችው፤ እናቷ እንደምታደርገው። ወደ ቀጣዩም እጇን ዘረጋች።

ጋሽ ካውያ ከበሩ ላይ ሆነው ያዩዋታል። እጃቸው የጠቆረው የበር መቃን ላይ ነበር፤ ሚስታቸው ስታልፍ በምትይዘው ቦታ። ክብሪቷ ኪሳቸው ውስጥ አለች። ልጅቷ በሩን ጥቂት ዘግይታ ብትከፍተው ኖሮ፣ አሉ በልባቸው። እሳቸው ብቻ አይደሉም፣ የላይኛው ፎቅ ሰዎችም አሉ። እሷም ደረጃው ላይ ትሆን ነበር።

“ተይው ልጄ” አሉ።

“ምኑን?”

“መደርደሩን። ካርቶን ፈልጊና እዚያ ክተቻቸው። ብርጭቆ ነውና በጨርቅ ጠቅልያቸው፤ መንገዱ ያንገጫግጫል።”

ልጅቷ ብልቃጡን እንደያዘች ቀረች። ለምና፣ ተቆጥታ፣ አልቅሳ ያጣችውን ቃል አሁን ስትሰማው ደስታው አልመጣላትም። “አባዬ፣ ዛሬውኑ መወሰን የለብህም እኮ” አለች።

“ወስኛለሁ።”

ወደ ሳሎን ተመለሱ። የጠረጴዛውን ልብስ ፍርፋሪውን አራግፈው አነሡት። ምልክቱን ተከትለው፣ ጥጉን ከጥጉ አገናኝተው፣ በመዳፋቸው እየተጫኑ አጠፉት፤ ደንበኛ ሊወስደው እንደመጣ ልብስ። ካርቶኑን ይዛ ስትመጣ በሁለት እጃቸው አቀበሏት።

“ይቺን ከላይ አድርጊያት” አሉ። “እንዳትጨማደድ።”