ራሁ የአማን ዐይን ሊውጥ ሲል

መጀመሪያ የታያቸው ትንኝ ነበር። እጃቸውን እያወናጨፉ ያባርራሉ፤ እኔ ብፈልግ ምንም የለም። አማ ሰማንያን የተሻገሩ፣ ሂንዱ የሆኑ የታሚል ሴት ናቸው፤ እኔ ፍሪሞንት ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው ኬርጊቨር ነኝ። «አማ» በቋንቋቸው እናት ማለት ነው፤ ለአፌ ስለቀለለኝ እኔም እንደዚያው እጠራቸዋለሁ። በማግስቱ ብልጭታ መጣ። ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ደግሞ ከግራ ዐይናቸው ጥግ ጥላ ተነሣ።

«ራሁ ነው» አሉ ቁጭ ብለው።

ራሁን አውቀዋለሁ። በየሳምንቱ የማደርሳቸው ቤተ መቅደስ ውስጥ የዘጠኝ ፕላኔቶች አማልክት ቆመዋል፤ ሁለቱ ሰማይ ላይ የማይታዩ የጥላ ፕላኔቶች ናቸው። ራሁ ራስ ብቻ ነው፤ ኬቱ ራስ የሌለው ገላ። ፀሐይን እየዋጠ ግርዶሽ የሚያመጣው ራሁ ነው ይላሉ። በየቀኑ የሱ የሆነ ሰዓት አለ፤ በዚያ ሰዓት መንገድ አይጀመርም፤ ለሱ ግን ሎሚ ተሰንጥቆ፣ ልጣጩ ተገልብጦ፣ ዘይት ተሞልቶ ይበራል። እኔ ማርያምን ብዬ የምምለው ሰውዬ ሎሚ ሰንጣቂ ሆኜ አረፍኩት! ክብሪቱን ግን የሚጭሩት እሳቸው ናቸው፤ በዚህ ተስማምተናል።

ለዐይን ሐኪማቸው ኮል አደረግኩ።

«ሬቲናቸው፣ ከዐይን ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን፣ እየተላቀቀ ይመስላል» አለችኝ። «አሁኑኑ አምጣቸው። ጥላው መሃል ከደረሰ ማየታቸው እንደነበረ ላይመለስ ይችላል።»

ቁልፌን አነሣሁ። አማ ሰዓት አዩ።

«የራሁ ሰዓት ገብቷል። ሲያልፍ እንሄዳለን።»

ለመንኳቸው። አልተነሡም። ልጃቸው ሥራ ላይ ናት፤ ስልክ አታነሣም። ጥላው ወደ መሃል እየመጣ ነው አሉ። ፈራሁ። ተናደድኩም፤ ግን በምን አፌ? እኛስ ቀን ጎደሎ እንል የለ!

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንዴ ሳንሆዜ ለሠርግ ሲሄዱ ሻንጣቸውን ቀደም ብለው ጎረቤት አስቀምጠው ነበር። የመንገደኛው ዕቃ በደህና ሰዓት ከቤት ከወጣ መንገዱ ያኔ ተጀምሯል፤ ባለቤቱ በክፉ ሰዓት ቢወጣም ግድ የለም። ልማዳቸው ነው።

«አማ፣ ለቤተ መቅደሱ ብዬ ሻልዎን ጠዋት መኪና ውስጥ አስገብቼዋለሁ እኮ! መንገዱን ጀምረዋል!»

አሰቡ።

«የኔን ሻል?»

«የእርስዎን፤ ሐምራዊውን።»

እጃቸውን ዘረጉልኝ።

በማግስቱ ሰርጀሪ ተደረገላቸው። «መሃሉ ሳይነካ ደርሳችኋል» አለች ሐኪሟ። እፎይ! አለቀስኩ።

ሬቲናውን ደግፎ እንዲይዝ ዐይናቸው ውስጥ ጋዝ ስለተሞላ ፊታቸውን ደፍተው መሰንበት ነበረባቸው፤ እኔ ወለል ላይ ተንጋልዬ ከሥር እያየኋቸው ሻይ በስትሮ አጠጣቸዋለሁ፣ እሳቸው ደግሞ አንገታቸውን እንደደፉ «አሁንስ ኬቱን ሆንኩ፣ ራስ የለኝም» እያሉ ያስቁኛል፣ ልጃቸውም ከሥራ ስትመለስ ሎሚውን በእሳቸው ፈንታ አብርታ አጠገባቸው ትቀመጣለች። ቀስ እያለ ጋዙ ጠፋ፣ ብርሃኑም ተመለሰ።

ሐኪሟን እግዜር ይስጥልኝ። እናንተ የምታስታምሙ ወገኖቼ፣ ትንኝና ብልጭታ በድንገት ሲመጣ ዛሬ ነገ አትበሉ፤ ጥላ ከመጣማ በዚያው ቀን ሩጡ። በሽተኛችሁ በእምነቱ ምክንያት እንቢ ካለም አትሳለቁበት፤ እዚያው እምነቱ ውስጥ መውጫ ፈልጉለት።

በቀደም እኔም ዐይኔን ልታይ ቀጠሮ ያዝኩ። አማ ስልኬን ከእጄ ወስደው ቀኝ ዐይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑና፣ የቀጠሮውን ደቃቅ ቴክስት በግራው ብቻ ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«አርብ ረፋድ? የራሁ ሰዓት ነው። ቀይረው!»

ደስ እያለኝ ቀየርኩት።