ሦስቱ የጋሼ ደምሴ ሣጥኖች

ልጅ ሳለሁ የሚነበብ ነገር ያማረው የግቢያችን ልጅ ሁሉ መጀመሪያ አፉን ይከፍት ነበር። ጋሼ ደምሴ አገጫችንን በሁለት ጣታቸው ቀና አድርገው፣ ወደ ብርሃን አዙረው፣ ጥርሳችንን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ ነው መጽሐፍ የሚሰጡን። አባታቸው ጎጃም ውስጥ በበሬ ንግድ የታወቁ ነበሩ አሉ። የበሬ ዕድሜ በጥርሱ ይታያል፤ ባለቤቱ ቢዋሽ ጥርሱ አይዋሽም። ጋሼም ይችን ጥበብ ይዘው አዲስ አበባ ገቡና እኛ ላይ አዋሏት። ያኔ አብዛኞቻችን የተወለድንበትን ቀን ስለማናውቅ፣ እናቶቻችንም «ያ ከባዱ ክረምት የገባ ጊዜ» እያሉ ስለሚቆጥሩ፣ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አልነበረም።

ግቢያችን ከአብነት ወደ ገበያው በሚያስገባ ቅያስ ውስጥ ነበር፤ ሰባት ቤት በአንድ ቦኖ ውኃ የሚቀዳበት የቀበሌ ግቢ። ጋሼ ደምሴ ከእኛ ቤት በአንድ ጭቃ ግድግዳ በተለየች ጠባብ ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። ቀን ቀን ምን አለሽ ተራ ጠርዝ ላይ፣ ከቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ጎን፣ አሮጌ መጽሐፍ ዘርግተው ይሸጣሉ፣ ያከራያሉም። መጽሐፉን የሚያመጡላቸው ቆራሌዎች ናቸው። በየሰፈሩ ጠርሙስና ቆርቆሮ ሲሰበስቡ ያገኙትን መጽሐፍ፣ ቅመም ሻጮች ገንጥለው መጠቅለያ ሳያደርጉት በፊት ለእሳቸው ያሳያሉ። አንዳንዱ ሽፋን የለውም፣ አንዳንዱ ድንብላል ድንብላል ይሸታል።

መጽሐፋቸው በሦስት የሻይ ቅጠል ሣጥን ነው የሚቀመጠው። አንደኛው «የወተት ጥርስ» ይባላል፤ ሥዕል የበዛበት፣ ፊደሉ ባቄላ የሚያህል። ሁለተኛው «የለወጠ» ነው፤ የፊት ጥርሱ ወልቆ አዲስ ላበቀለ ልጅ፣ የጉዞና የጀግና፣ የሌባና የዳኛ ታሪክ ያለበት። ሦስተኛው «የመንጋጋ» ነው። ለምን እሱን እንደማንነካ ብጠይቃቸው «ጥሬ የሚቆረጥም ጥርስ አለሽ?» አሉኝና የሁለተኛውን ሣጥን ክዳን አነሡልኝ።

አዋቂ ሲመጣ ግን ጥርስ አያዩም፣ ፊት ያያሉ። ከአውቶቡስ ተራ የሚመጣ አንድ ተሸካሚ ነበር፤ ሚስቱ ጥላው አገሯ ገብታለች፤ እሱ የፍቅር መጽሐፍ ይፈልጋል። ጋሼ ቀና ብለው አዩትና ባሕር አቋርጦ ስለሄደ ሰው የሚያወራ መጽሐፍ ሰጡት። «ጋሼ፣ እኔ የጠየቅሁት ይኼን ነው?» ቢላቸው «ቁስል ላይ በርበሬ አይነሰነስም፤ ፍቅሩን ለጥቅምት አቆይልሃለሁ» አሉት። በጥቅምት መጣ፤ አቆይተውለት ነበር። ይህን ቆሜ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ማታ፣ ሰው ከገበያ ገብቶ እግሩን ሲታጠብ፣ የግቢው ልጆች ጋሼ ክፍል እንሰበሰባለን። ምን አለሽ ተራ የተሠራች፣ ጎኗ ላይ የዘይት ቆርቆሮ ጽሑፍ ያልጠፋባት የከሰል ምድጃ ነበረቻቸው፤ ድንች ፍሟ ሥር ይቀብሩና የልጣጩ ሽታ ከጭሱ ጋር ሲነሣ ተረታቸውን ይጀምራሉ። መጀመሪያ የወተት ጥርሶቹን ታሪክ ይነግራሉ፤ ሲያልቅ ለእነሱ ድንች ሰጥተው «በሉ እናንተ ወደ እናቶቻችሁ» ብለው ይሸኛሉ። ቀጥሎ የእኛን ይነግሩና መሐል ሲደርስ ያቆሙታል። «ከዚህ በኋላስ?» ስንል መጽሐፉን ያቀብሉናል። እኛ ስንወጣ ትልልቆቹ ገብተው የሦስተኛው ሣጥን ወሬ ይጀመራል፤ ሁሉም የሚያልቀው ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ነው።

እኔን መሸኘቱ ግን ዋጋ አልነበረውም። የእኛ ቤትና የእሳቸው ክፍል በአንድ አምፖል ነበር የሚበሩት፤ ግድግዳው ላይኛው በኩል ተቦርቡሮ አርባ ሻማ አምፖል ቀዳዳው መሐል ተንጠልጥሏል። መብራቱ ለሁለት ቤት ሲያበራ ድምፁም ለሁለት ቤት ይሰማል። አንድ ማታ አልጋ ላይ ቆሜ፣ ጆሮዬን ወደ ቀዳዳው ሰቅዬ፣ ለመንጋጋዎቹ የሚነገረውን ሰማሁ። ወንድሙን ገድሎ ቤቱ ወለል ሥር ስለቀበረ ሰው ነበር። ለሳምንት ያህል ወለሉን ሳልረግጥ ከአልጋ ወደ በር እዘል ነበር። ጋሼ ቦኖው ጋ አገኙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በቀዳዳው የገባው ከበደሽ አይደል?» አሉኝ። ለእናቴ አልነገሩብኝም። እንዲያ ያሉ ሰው ነበሩ።

እኔ ወሬ እወድ ነበር፤ አሁንም እወዳለሁ፣ ምን እደብቃለሁ። ከአራተኛ ክፍል ሳላልፍ ትምህርቱን ብተወውም ንባቤ ፈጣን ስለነበር ያልተማሩት ጎረቤቶች ደብዳቤያቸውን የሚያስነብቡት እኔን ነው። ከእነሱ አንዷ እትዬ ዘነበች ናቸው። በርበሬ ተራ ይነግዳሉ፤ አንድ ልጃቸው ጌታቸው ወታደር ሆኖ ሰሜን ሄዷል። አንድ ቀን ደብዳቤው መጣና አነበብኩላቸው፤ እግሬ ቆስሎ ሆስፒታል ገብቻለሁ፣ ለእጮኛዬ ቤተሰብ ግን እንዳትናገሪ ይላል። እትዬ እያለቀሱ አንድ ቁራጭ ስኳር ሰጡኝ። ስኳሩ አፌ ውስጥ ሳይሟሟ ለእናቴ ነገርኩ፤ እናቴ ለቦኖው፣ ቦኖው ለሰፈሩ። ወር ሳይሞላ የእጮኛው ቤተሰብ ሽማግሌ ልከው ቀለበቱን መለሱ።

እትዬ ዘነበች አልተቆጡኝም። እናቴ ይቅርታ ልትጠይቅ ብትገባ «ልጅቷ ምን ታድርግ» አሏት። «በሰው ዓይን የሚያይ፣ ሰው ያየውን ሁሉ እንዳያወራ መከልከል አይችልም። ዓይን ማብቀል አለብኝ።» በሃምሳ ዓመታቸው ገደማ ቀበሌው ውስጥ መሠረተ ትምህርት ተመዘገቡ። ከገበያ ሲመለሱ በርበሬ በበላው እጃቸው ደብተር ይዘው ሲያልፉ ሴቶቹ ይሣሣቁ ነበር፤ እሳቸው ግን ጨረሱና የምስክር ወረቀታቸውን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

ታዲያ አንድ ማታ፣ እኛ ምድጃውን ከብበን ሳለን፣ እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አጣፍተው የጋሼ ደምሴ በር ላይ ቆሙ።

«ጋሼ፣ እንዳልረሳው የሚነበብ ነገር ይስጡኝ።»

ጋሼ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ደስ ብሏቸው፣ መጀመሪያ አንድ ወረቀት አስነበቧቸው። እትዬ በጣታቸው እየተከተሉ፣ ፊደል በፊደል፣ ላብ እስኪያጠምቃቸው አነበቡ። ጋሼ አሰቡ፣ ሣጥኖቹን አዩ፣ ከዚያ ከመጀመሪያው ሣጥን ጥንቸልና ጅብ የተሣሉበትን አውጥተው በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጧቸው። የተጠቀለለው ምን እንደሆነ ከእኔ በቀር ያየ አልነበረም። በማግስቱ ቦኖው ጋ ሁሉም ያውቀዋል።

«ዘኑ፣ ጥርስሽን ሳየው የወተት ነው እንዴ?» አለቻቸው አንዷ ባልዲዋን እየሞላች። «ሲወልቅ ለጣራ ወርውሪው፣ ቁራ አዲስ ይሰጥሻል» አለች ሌላዋ። እትዬ ዘነበች እንስራቸውን ሳይሞሉ ገቡ። ያን ማታ መጽሐፉ፣ ጋዜጣው እንኳ ሳይፈታ፣ ጋሼ በር ላይ ተቀምጦ ተገኘ።

በዚያው ሳምንት የጌታቸው ሌላ ደብዳቤ መጣ። እኔ እንደ ለመድኩት በራቸው ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ፖስታውን ገልብጠው አዩና «ጌ… ታ… ቸው» አሉ። «የእጁ ጽሕፈት ነው። ጽፏል፣ ስለዚህ በሕይወት አለ። ሌላውን ራሴ አነበዋለሁ።» ነገር ግን ፖስታውን ከፍተው ሲያዩት የእጅ ጽሕፈቱ የተጣበቀና የተጣመመ ነው፤ ከተማሩበት ፊደል ጋር አይመሳሰልም። አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት። እናቴ «የሚያነብልሽ ሰው ልፈልግልሽ» ብትላቸው እጃቸውን መቀነታቸው ላይ ጫን አደረጉ። ማንበቡን ትተውታል፤ ደብዳቤውን ደግሞ ለሰው አይሰጡም። ቀን ባለፈ ቁጥር እጃቸው ከዚያ መቀነት አልለይ አለ፤ በርበሬ ሲሰፍሩ እንኳ አንዴ ይዳስሱታል። ከዚያ ወዲህ ከእጃቸው ስኳር አልቀመስኩም።

ጋሼ የሆነውን ሰሙ። ማን እንዳወራው አልጠየቁም፣ ዓይኔን ብቻ አዩት። «አፍሽን ለእኔ ብቻ ብትከፍቺው ይሻልሽ ነበር» አሉኝና እንድከተላቸው ምልክት ሰጥተውኝ እትዬ ዘነበች ዘንድ ሄዱ።

«ዘነበች፣ የበደልኩሽ እኔ ነኝ» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ሃያ ዓመት ለሰው መጽሐፍ ስመርጥ እንዲህ ተሳስቼ አላውቅም። ንባብሽን ለካሁና አንቺን ረሳሁ።»

«ጋሼ፣ ጥንቸል ጅብን እንዴት እንዳታለለችው ልስማ ብዬ ነው እንዴ በዚህ ዕድሜዬ የተማርኩት? ጅቡን በርበሬ ተራ በየቀኑ አገኘዋለሁ።»

ጋሼ ሣቁ፤ እትዬም ሣቁ። ከዚያ ጋሼ፣ ፊደሉ ትልቅ ሆኖ ወሬው የአዋቂ የሆነ መጽሐፍ ሦስቱንም ሣጥን ፈትሸው እንዳጡ ነገሯቸው። «የለም። ስለዚህ እኔ እሠራዋለሁ።»

ሠሩትም። ከሦስተኛው ሣጥን ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ስሙ የማይታወቅ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነበር፤ ባሏ የሞተባት ሴት፣ የባሏ ወንድም ርስቷን ሊነጥቃት ሲነሣ፣ ጠበቃ ሳትይዝ ራሷ ችሎት ቆማ የምትከራከርበት። ጋሼ በየማታው እኛን ከሸኙ በኋላ አምፖሉ ሥር ተቀምጠው ያንን ታሪክ በደብተር ይገለብጣሉ። የብዕራቸውን ጭረት በቀዳዳው እሰማው ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ፊደል ባቄላ ያህላል። በሳምንቱ አተር አከለ፤ ቀጥሎ ምስር። እየቆየም ፊደሉ መጠጋጋትና እንደ ሰው የእጅ ጽሕፈት መጣመም ጀመረ፤ ሆን ብለው ነው። ያኔ አልገባኝም ነበር፤ እጃቸው የደከመ መስሎኝ አዝኜላቸው ነበር።

ደብተሩን የማደርሰው እኔ ነኝ። «ብታነቢው አልከለክልሽም» አሉኝ ጋሼ፣ «ብታወሪው ግን ለዘነበች የሚቀርላት የለም።» አነበብኩት፣ ምን እዋሻለሁ። ሴትዮዋ ችሎት ፊት ቆማ ለዳኛው የምትመልሰውን ሳነብ ልቤ ይመታ ነበር፤ ለእናቴ ለመንገር ምላሴን በላኝ። አንድ ማታ ጭራሽ «እማዬ፣ ያቺ ሴትዮ እኮ…» ብዬ ጀመርኩና አፌን በትራስ ያዝኩት። ከደብተሩ አንዲት ቃል አላወጣሁም። ያን ያህል ከብዶኝ የያዝኩት ነገር እስከዚያ አልነበረም።

እትዬ ዘነበች መጀመሪያ ገጹን በሦስት ቀን ጨረሱ። ከዚያ በሁለት ቀን። ከዚያ እኔ ደብተሩን ሳደርስ የቀደመውን ጨርሰው በር ላይ ይጠብቁኝ ጀመር። «ወንድምየው ምን አደረጋት? አትንገሪኝ፣ አትንገሪኝ» ይሉኛል እየነጠቁኝ። ቦኖው ጋ ያሾፉባቸው ሴቶች ማታ ማታ በራቸው ላይ ቁጭ ብለው «እስቲ ያቺን ሴትዮ አንብቢልን» ማለት ጀመሩ። እሳቸውም ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው፣ ቀስ እያሉ፣ ደረቅ በርበሬ ከጓሮው እየሸተተ፣ ያነቡላቸዋል።

ሴትዮዋ ርስቷን ባስመለሰች ማግስት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እትዬ ዘነበች ደጃፋቸው ላይ የመቀመጫ ዱካ አውጥተው ተቀመጡ። መቀነታቸውን ፈቱ። ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። ከእናቴ ጋር ልብስ እያሰጣን ነበር፤ እናቴ ጨርቁን እጇ ላይ እንደያዘች ቆመች። ጋሼ ደምሴ ከክፍላቸው ወጥተው አዩና ተመልሰው ገቡ፣ በራቸውንም ገፋ አደረጉት። እኔ ግን ገመዱ ሥር ቆሜ ዓይኔን ከእትዬ ፊት አልነቀልኩም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ፤ ወደ ኋላ ተመልሰው ደገሙት። ግንባራቸው ተቋጠረ፣ ከዚያ ተፈታ። አንዴ ፈገግ ያሉ መሰለኝ፤ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ጨረሱና አጠፉት።

«ምን ይላል ዘኑ?» አለች እናቴ።

«ደህና ነው» አሏት። «ሌላው የእኔና የልጄ ነው።» ተነሥተውም ዱካቸውን ይዘው ገቡ።

ዛሬ እኔም አርጅቼ፣ ልጅ የወለዱ ጎረቤቶቼ «ለዚህ ልጅ ምን ይነበብለት? ለእናቴስ ምን ልግዛላት?» ሲሉኝ፣ ዕድሜውን ከጠየቅኩ በኋላ እዚያ ላይ አላቆምም። ምን ያስፈራዋል፣ ምን አጥቷል፣ ለብቻው ሊያውቀው የሚፈልገው ምንድን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ጋሼ ደምሴ ይህን እንደ ትምህርት አልነገሩኝም፤ አምፖሉ ሥር አጎንብሰው ፊደሉን ቀን በቀን ሲያሳንሱ ነው ያየሁት። ብዙ ሰው አውቃለሁ፣ ለአንድ አንባቢ ሲል አንድ መጽሐፍ ሙሉ በእጁ የገለበጠ ግን ሌላ አላየሁም።

የዚያ ደብዳቤ ነገርስ? በዚህ ሰፈር ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ምን እንደደበቀ ከእኔ የተሰወረ ጥቂት ነው። ጌታቸው ያን ቀን ለእናቱ ምን እንደጻፈ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅም።