ጎድጓዳው ላይ የተመቱት ሦስት ምስማሮች

ከሱሉልታ እስከ ቡራዩ፣ ስለ ቆርቆሮ ጣሪያ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልተፈጠረም። ይህን ለጎረቤቱ ሁሉ ስለፍፍ ከርሜ፣ ኅዳር ላይ አንድ ማለዳ፣ ዝናብ ካየን ወር ባለፈን ሰሞን፣ ጣሪያዬ ግንባሬ ላይ ጠብ አለ።

በማግስቱም ጠብ አለ። በሳልስቱ ብርድ ልብሱ ራሰ።

«ጣሪያ አዋቂው፣ እንግዲህ ተነስና ዋኝ» አለችኝ ባለቤቴ።

ንዴቴን ቤቱን በከደነው አናጢ ላይ ተወጣሁት። «ወንፊት ነው የደፋብኝ! አልጋዬ ሥር ዓሣ ማርባት ጀምሬያለሁ!» እያልኩ በየሱቁ አወራሁ። ወሬው ከኦቦ ጆሮ ደረሰ። ኦቦ የምንላቸው ከመንገድ ማዶ ያሉት አዛውንት ገበሬ ናቸው፤ ለልጃቸው ያቆሙትን ቤት ሊያስከድኑት ከዚሁ አናጢ ጋር ተነጋግረው ነበር። አናጢው ክረምቱን ሙሉ ሥራ ፈትቶ ይህችን ሥራ ነበር የሚጠብቀው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱም መጡ። ኦቦ «አከም ቡልተን» ብለው እንዴት አደራችሁን አድርሰው ገቡ እንጂ አልተቀመጡም።

«ካፈሰሰ ቤቴን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ» አሉ። «ካላፈሰሰ ግን...» እኔን አይተው ተዉት።

አናጢው አንድ ጀሪካን ውሃ ተሸክሞ ጣሪያው ላይ ወጣና አፈሰሰ። እኛ ውስጥ አንጋጠን ቆምን። ጠብ። ጠብ። ሦስት ቦታ።

«ይኸው!» ብዬ ጮኽኩ።

ከጣሪያው ላይ፣ «ኦቦ፣ እስቲ ይውጡና ይዩልኝ» የሚል ድምፅ መጣ። «እኔ ምስማር የምመታው የቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው። ውሃ የሚወርደው በጎድጓዳው ነዋ። እነዚህ ሦስቱ ጎድጓዳው ላይ ናቸው። የእኔ እጅ አይደሉም።»

ኦቦ መሰላሉን ወጥተው አዩ። ሦስቱም እንዳለው ጎድጓዳው ላይ ነበሩ።

«አልጋዬ ላይ ያለውስ?» አልኩ ሲወርዱ፣ ነገር ላስቀይስ። «እዚያ ጋ አሁን አንድ ጠብታ አልወረደም። ማለዳ ማለዳ የሚያርሰኝ ከየት መጣ?»

አናጢው ቆርቆሮውና ግድግዳው የሚገናኙበትን ክፍተት አሳየን። ብርዱን ፈርቼ በማዳበሪያ ከረጢት ጥርቅም አድርጌ ጠቅጥቄዋለሁ። ከዚያ ምድጃው ላይ ከተጣደው ድስት ክዳኑን አንስቶ አዘነበለው፤ ውሃ ወረደ።

«ይሄ ክዳን ቀዳዳ አለው? ከነልጆቹ አምስት ሰው ሲተነፍስ ያድራል፣ ድስቱ ሲንተከተክ ያመሻል። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ቆርቆሮው ላይ ይሰፍራል። ቆርቆሮው ደግሞ በዚህ ብርድ በረዶ ሆኖ ነው የሚያነጋው። እንፋሎት ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ጋሼ፣ ያረሰዎት የራስዎ ትንፋሽ ነው።»

«ለዚያ ነዋ የበዛው!» አለች ባለቤቴ። «ወሬው ብዛቱ!»

ኦቦ አልሳቁም። «ሦስቱን ምስማር ማን መታው?»

አናጢው መሬት መሬት ያያል። ዝም ብል ሥራው ከእጁ ይወጣል፤ ይህን አራታችንም እናውቃለን። አንድ ቀልድ ፈልጌ አጣሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ባለቤቴ ገበያ በሄደችበት ቀን ቀዳዳ ልደፍን ወጥቼ፣ ደህናውን ጣሪያ ሦስት ቦታ የበሳሁት እኔው ነኝ። ምስማር ጉብታው ላይ እንደሚመታም እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ አላውቅም ነበር።